ንባብን ስለ መውደድና ተረትን ስለ መጻፍ

ልጆች ሆይ፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ፊደላት ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት መልክ ስላላቸው በጠቅላላው 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ ቀላል ሥራ አይደለምና ልትመሰገኑ ይገባችኋል። ዳሩ ግን ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ ነው ማለት አይደለም። ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው በሩን ከፍቶ ካልገባ ቁልፉ ምን ይጠቅመዋል? ፊደል ቁልፍ ነው፤ ቤቱም መጽሐፍ ነው። ብዙ ልጆች ግን ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ በደጅ ቆመው ይቀራሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመክራችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ማንበብን እንደ ደስታ እንጂ እንደ ሸክም አትቍጠሩት፤ ሁለተኛውም፥ የሰማችሁትንና በልባችሁ ያሰባችሁትን ተረት በገዛ እጃችሁ ጻፉ የሚል ነው።

አስቀድሜ ስለ ማንበብ እናገራለሁ። አንዳንድ ልጅ በቃሉ ያጠናውን ገጽ እንደ ወንዝ ውኃ ያለ ማቋረጥ ያወርደዋል፤ «ያነበብኸው ምን ይላል?» ቢሉት ግን ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ልጅ በዓይኑና በአፉ አነበበ እንጂ በልቡ አላነበበም። በተለይ የእኛ ጽሕፈት በልብ ለማያነብ ሰው አስቸጋሪ ነው። ቃል ሲጠብቅና ሲላላ የሚለይ ምልክት በፊደሉ ላይ አይደረግምና። «ሰፊ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና» የሚለውም ላልቶ በውኃ ውስጥ መዋኘት፥ ጠብቆ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ሲሆን ነገሩ ሁለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ፊደሉ አይደለም፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል የሚያስተውል ልብ ነው።

ይህ ነገር ትንሽ አይምሰላችሁ። ማንበብ የማያውቁ አንዲት ባልቴት ከሩቅ አገር ከልጃቸው ደብዳቤ መጣላቸው እንበል። ከጎረቤት ልጅ ጠርተው «አንብብልኝ፥ ልጄ» ቢሉት፥ በደብዳቤው ውስጥ «እህል አለ» የሚል ቃል ይገኛል። ልጁ አጥብቆ ካነበበው በልጃቸው ቤት እህል መኖሩን ሰምተው ደስ ይላቸዋል። አላልቶ ካነበበው ግን አንድ ሰው «እህል» ብሎ እንደ ጠየቀ ሰምተው፥ ልጄ ተርቦብኛል ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ ያድራሉ። ባልቴቷ የሚያምኑት በልጁ አፍ ነው፤ ራሳቸው አይተው ሊያርሙት አይችሉም። እንግዲህ ማንበብ የሚችል ልጅ በሰፈሩ ውስጥ ትልቅ አደራ ተሸክሟል። አደራውንም የሚጠብቀው በፍጥነቱ ሳይሆን በማስተዋሉ ነው።

ማስተዋልን የሚያስለምደው ደግሞ ብዙ ማንበብ ነው፤ ብዙ ለማንበብም መውደድ ያስፈልጋል። ሰው የማይወደውን ነገር ሁልጊዜ አያደርግምና። ስለዚህ በመጀመሪያ ደስ የሚላችሁን አንብቡ። ስለ እንስሳት መስማት የምትወድ ልጅ ስለ እንስሳት ታንብብ፤ ስለ ጀግኖች መስማት የሚወድ ልጅ ስለ ጀግኖች ያንብብ። «እኔ ከብት እጠብቃለሁ፥ እኔ ውኃ እቀዳለሁ፥ ጊዜ የለኝም» የሚል ቢኖር፥ በቀን አንድ ገጽ ብቻ ያንብብ። በቀን አንድ ገጽ የሚያነብ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 365 ገጽ ያነባል፤ ይህም አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ እንዳትንቁት የቀድሞው መጽሐፍ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር አስቡ። በአገራችን ከማተሚያ በፊት መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበር። ብራና ፋቂው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ በውኃ ይነክረዋል፤ በእንጨት ላይ ይወጥረዋል፤ ጠጕሩንና ስቡን ፍቆ ያደርቀዋል፤ ከዚያም በልክ ይቆርጠዋል። ቁም ጸሐፊው ደግሞ መቃ ቀርጾ ብዕር ያበጃል፤ ከጥላሸት ጥቍር ቀለም ይበጠብጣል፤ ለከበሩ ስሞችም ቀይ ቀለም ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ፊደል በፊደል ይጽፋል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ይፈልግ ነበር። በዚህም ምክንያት መጽሐፍ በየቤቱ አይገኝም ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ተማሪው ሩቅ መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1921 ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱን የማስቈጥረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። መጽሐፍ በማተሚያ ሲሠራ ቁም ጸሐፊው በወራት የሚጽፈው በጥቂት ቀን በብዙ ቅጂ ወጣ። እንግዲህ አባቶቻችን በብዙ ድካም ያገኙትን እናንተ በቀላሉ አግኝታችኋልና መጽሐፋችሁን በንጹሕ እጅ ያዙ፤ ቅጠሉን አትጠፉ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱም ለሌለው ጓደኛችሁ አውሱት።

አሁን ስለ ተረት ልናገር። አንዳንድ ሰዎች «ተረት ውሸት ነው፤ ልጅ ተረት ሲያነብ ጊዜውን ያጠፋል» ይላሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይመስለኝም፤ ምክንያቱንም እገልጻለሁ። ውሸታም ሰው የሚናገረው ሰሚው እውነት መስሎት እንዲታለል ነው። ተረት የሚናገር ሰው ግን ማንንም አያታልልም። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ፥ አንበሳ እንደማይናገር፥ ጦጣም ዳኛ ሆና እንደማትፈርድ ሁሉም ያውቃሉ። ነገር ግን በአንበሳው አፍ የጉልበተኛ ሰው ትዕቢት፥ በጦጣዋም አፍ የብልህ ሰው ምክር ይነገራል። ልጅን «ስስት ክፉ ነው» ብትሉት ወዲያው ይረሳዋል፤ በስስቱ ምክንያት ወጥመድ የገባውን ጅብ ብትተርቱለት ግን እስኪሸመግል ድረስ አይረሳውም። ስለዚህ ተረት ውሸት አይደለም፤ እውነት ልብስ ለብሳ የምትመጣበት መንገድ ነው።

የአገራችን ደራሲዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ በ1868 የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በወጣትነታቸው ሥዕል ሊማሩ ወደ ኢጣልያ ሄዱ፤ በኋላም በዚያ አገር ቋንቋ አስተማሪ ሆኑ። በ1908 «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚባል መጽሐፍ ጽፈው በሮማ አሳተሙ። ይህም በአማርኛ የታተመ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ተብሎ ይቈጠራል። በመጽሐፉ ውስጥ በጦርነት የተማረከ አንድ የጦር አለቃ አለ፤ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ይወጣል፤ እርሱም ራሱ በመከራ ይወድቃል። እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ በደራሲው ልብ የተወለደ ነው፤ ስሙም «ልብ ወለድ» መባሉ ስለዚህ ነው። ነገር ግን ያነበበ ሰው ውለታን ስለ መመለስና ስለ ወንድም ፍቅር ትምህርት ሳያገኝ አይቀርም። ከልብ የተወለደ ነገር ልብን ይነካል።

ከማንበብ ቀጥሎ መጻፍ ይመጣል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ምሳሌ ሁላችሁ ሰምታችኋል፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብላችሁ አስቡት። በየመንደራችሁ ብዙ ተረት፥ ብዙ እንቆቅልሽ፥ ብዙ ምሳሌ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። የሚያውቁት ሁሉ ያለው በልባቸው ውስጥ ብቻ ነው። እነርሱ በሞት ሲለዩ ያልተጻፈው ተረት አብሯቸው ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ በወርቅም ቢፈልጉት አይገኝም። ጐተራ ሲቃጠል ሰው ሁሉ እሪ ብሎ ይሮጣል፤ የተረት ጐተራ ሲጠፋ ግን ጢሱ አይታይምና ማንም አይሮጥም። ሊሮጥ የሚችለው ብዕር የያዘ ልጅ ነው።

ይህን የሠራች አንዲት ሴት ነበረች፤ ታሪኳንም ልንገራችሁ። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ በባርነት ተይዛ ነበር። በዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ተጭና ስትሄድ፥ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን በባሕር ላይ ያዟትና አስቴር ከሌሎቹ ጋር ነጻ ወጣች። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባችና ማንበብና መጻፍ ተማረች። በዚያ ቦታ ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተሽጠው በምጽዋ በ1870 ነጻ የወጡ ናቸው፤ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ቋንቋ በመተርጐም ታላቅ ሥራ ይሠሩ ነበር። አስቴር ቋንቋዋን ጠንቅቃ የምታውቅ አስተዋይ ልጅ መሆኗን አይተው የሥራ ረዳት አደረጓት።

አስቴር ከቤቷ ስትለይ መጽሐፍ አልነበራትም። ባሪያ ነጋዴ ሰውን ከአገሩ ያርቀዋል፤ ከወገኑም ይለየዋል፤ ነገር ግን በልጅነቱ የሰማውን ተረት ከልቡ ሊነጥቀው አይችልም። አስቴርም የምታስታውሰውን 500 የሚያህል የኦሮሞ ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና መዝሙር በጽሕፈት አኖረች። ከዚሁም ብዙው «ጀልቀበ በርሲሳ» በሚባል መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ በ1894 በእምኩሉ ታተመ፤ ትርጓሜውም «የማስተማር መጀመሪያ» ማለት ነው። መጽሐፉ የተጻፈው እናንተ በተማራችሁት በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነበር። ለማን የተዘጋጀ መጽሐፍ ይመስላችኋል? ለሊቃውንት አልነበረም፤ ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች ነበር። በኦሮምኛ የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሞ ሲወጣም የአስቴር ድካም በውስጡ ነበረበት። ከዚህ በኋላ በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ሄዱ፤ አስቴርም በነቀምቴ አስተማሪ ሆና ልጆችን ፊደል አስቈጠረች። ያረፈችውም በ1964 ነው።

ልጆች ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። አስቴር ተረቶቹን በልቧ ብቻ ይዛ ቢሆን ኖሮ ከእርሷ ጋር ባለፉ ነበር። ስለ ጻፈቻቸው ግን፥ በባርነት ተይዛ የነበረች አንዲት ሴት ልጅ ለሕዝቧ ርስት አወረሰች። ደግሞም ሴት ልጅ ከመማር ምን ታገኛለች የሚል ሰው ቢኖር፥ የአስቴር ሥራ በቂ መልስ ይሰጠዋል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነኝ፤ መጻፍ የሊቃውንት ነው» ይል ይሆናል። መልሴም ይህ ነው። ሕፃን መራመድን የሚማረው እየወደቀ ነው፤ አድጌ እስክጠነክር ድረስ አልራመድም የሚል ሕፃን የለም። መጻፍም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ አንድ ተረት ለምናችሁ ስሙ። ቀጥሎም ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለታናሽ እኅታችሁ በቃላችሁ ተርቱለት፤ ሲሰለቸውና ሲስቅ አስተውሉ። ከዚያ በኋላ ጻፉት። ስትጽፉም አራት ነገር አትርሱ፤ ማን እንደ ነበረ፥ በየት እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ደረሰበት፥ ነገሩም በምን እንደ ተፈጸመ። እነዚህ አራቱ ካሉ ተረቱ በእግሩ ቆሟል።

የተረትን ነገር በከባድ ቃል አታስጨንቁት፤ አያታችሁ በሚናገሩበት ቃል ጻፉት። ደግሞም ነገሩን በዓይን እንደሚታይ አድርጉት። «አንበሳው ክፉ ነበር» ብሎ የጻፈ ልጅ ትንሽ ነገር ተናገረ። «አንበሳው የሚዳቋዋን ግልገል በላ፤ ከንፈሩንም እየላሰ፥ ግልገልሽን ማን በላብሽ? ብሎ ጠየቃት» ብሎ የጻፈ ልጅ ግን «ክፉ» የሚለውን ቃል ሳይጠራ ክፋቱን አሳየ። አንባቢው ራሱ ይፈርዳል፤ ራሱ የፈረደውንም ነገር አይረሳውም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ምላሳችሁ የተሰናከለበትን ቦታ አርሙት።

ለጸሐፊ ደግሞ ምግባር ያስፈልገዋል። የሌላውን ጽሑፍ ገልብጦ «የእኔ ነው» የሚል ልጅ፥ ከሰው ማሳ እሸት ከሚሰርቅ ልጅ አይለይም። ተረቱን ከሌላ ሰምታችሁ እንደ ሆነ «ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ለእናንተም ለእርሳቸውም ክብር ነው። ደግሞ በጽሑፋችሁ ጎረቤታችሁን አታዋርዱ፤ አካሉ የጎደለውን ወይም ድኻውን መሳቂያ አታድርጉ። ከአፍ የወጣ ክፉ ቃል በጊዜ ብዛት ይረሳ ይሆናል፤ በቀለም የተጻፈ ስድብ ግን በተነበበ ቍጥር እንደ ገና ይሰድባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። እናንተ አባቶችና እናቶች፥ እናንተም መምህራን፤ ልጅ ባጠፋ ጊዜ «ተቀመጥና ይህን ገጽ አንብብ» ብላችሁ መጽሐፍን የቅጣት መሣሪያ አታድርጉት። መጽሐፍን ከአርጩሜ ጋር አንድ አድርጎ የተማረ ልጅ፥ ከትምህርት ቤት በወጣ ቀን ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ይልቁንም በማታ በእሳት ዙሪያ ስትቀመጡ ልጁን «እስቲ ዛሬ ያነበብኸውን ንገረን» በሉት፤ ሲጽፍም ስሕተቱን ከመቍጠራችሁ በፊት ያሰበውን ስሙለት። ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑም አትፈሩ፤ የምታውቁትን ተረት ብትነግሩት እናንተም አስተማሪዎች ናችሁ። እናንተ ቃሉን ትሰጡታላችሁ፤ እርሱ ፊደሉን ይሰጠዋል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ በቤታችሁ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ወደሚበልጡት ሰው ቅረቡና፥ ገና ያልሰማችሁትን አንድ ተረት በትሕትና ለምኗቸው። ሲናገሩ አታቋርጧቸው፤ ሲጨርሱም እጅ ነስታችሁ አመስግኗቸው። ነገ ጠዋት ሳይረሳችሁ ደብተራችሁን አውጥታችሁ ጻፉት፤ ከላዩም የነገሯችሁን ሰው ስም አኑሩ። አንዱ ልጅ አንድ ተረት ቢጽፍ፥ 40 ልጆች ካሉበት ክፍል 40 ተረት ይገኛል፤ ይህም ከጥፋት የዳነ አንድ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉንም ወስዳችሁ ለነገሯችሁ ሰው አንብቡላቸው። የተናገሩት ቃል ከወረቀት ላይ ተነሥቶ ሲመለስላቸው በሰሙ ጊዜ የሚሰማቸውን ደስታ ፊታቸው ይነግራችኋል።